የሩቅ አገር ወዳጅነት በጦርነት ቀን
ከ1928 ዓ.ም. የደሴ ታሪክ የተወሰደ ጥናት



«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ቤት በእሳት ሲያያዝ ውኃ ይዞ የሚደርሰው አጥር የሚጋራን ጎረቤት እንጂ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ስላልሆነ ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን እሳቱን የለኮሰው ጎረቤት ራሱ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ማን ይጮኻል? በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያጋጠማት ችግር ይህን የመሰለ ነበር። በሰሜን በኤርትራ፥ በደቡብ ምሥራቅ በሶማልያ በኩል ድንበር ትጋራን የነበረችው ኢጣልያ ወረረችን። የቀሩትን የዙሪያ አገሮች ይዘው የነበሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ችግር ይልቅ የኢጣልያን ፊት ይመለከቱ ነበር። ስለዚህ አገራችን ዓይንዋን ወደ ሩቅ አገሮች አነሣች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያ ሩቅ አገሮች በጦርነቱ ጊዜ ምን እንዳደረጉልንና ምን እንዳላደረጉልን መርምሮ ትምህርት ማግኘት ነው። ነገሩን ከጄኔቭ ወይም ከሎንዶን መጀመር ይቻል ነበር፤ እኛ ግን የምንጀምረው ከራሳችን ከተማ ከደሴ ነው። የዓለም መንግሥታት በወረቀት ይከራከሩበት የነበረው ጉዳይ በጦሳ ተራራ ሥር በእሳትና በደም ታይቷልና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ርዳታን በምን እንመዝነዋለን?

አንድ ሩቅ አገር በጦርነት ላይ ያለውን ሌላ አገር በልዩ ልዩ መንገድ ሊረዳ ይችላል። በመንግሥታት ጉባኤ ላይ ስለ እርሱ ሊናገር፥ ከወራሪው ጋር የሚያደርገውን ንግድ ሊያቋርጥ፥ መሣሪያ ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ፥ ሐኪምና መድኃኒት ሊልክ፥ ወታደሮቹን ሊያዘምት፥ በመጨረሻም ወራሪው በጉልበት የያዘውን መሬት «የአንተ ነው» ብሎ ከማወቅ እንቢ ሊል ይችላል። ከእነዚህ መካከል የትኛው እውነተኛ ርዳታ እንደ ሆነ ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። አንደኛ፥ ረጂው ከራሱ ምን አወጣበት? ሁለተኛ፥ ርዳታው በጊዜው ደረሰ ወይ? ሦስተኛ፥ የተሰጠው ለተጠቃው ተብሎ ነው ወይስ ለረጂው ጥቅም? አንባቢው እነዚህን ሦስት ሚዛኖች ይዞ እንዲከተለን እንለምናለን።

፪. ደሴ በስም የተጻፈችበት ውል

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከዚህ ጋር በተያያዘው የመንገድ ስምምነት ከአሰብ ወደብ እስከ ደሴ የሚደርስ የመኪና መንገድ እንዲሠራና ኢትዮጵያ በአሰብ ላይ የዕቃ ማራገፊያ ስፍራ እንድታገኝ ታስቦ ነበር። የከተማችን ስም በዓለም አቀፍ ውል ውስጥ የገባው እንግዲህ የወዳጅነት መንገድ መድረሻ ሆኖ ነው። መንገዱ ግን በውሉ መሠረት ሳይሠራ ቀረ፤ ውሉም ሃያ ዓመት ቀርቶ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል የውኃ ጕድጓድ አጠገብ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ወልወል ከድንበሩ ወደ ውስጥ ርቆ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የሚገኝ ስፍራ ሳለ ኢጣልያ ካሣና ይቅርታ ጠያቂ ሆና ቀረበች። ኢትዮጵያ ከመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስለ ነበረች ክሷን ወደ ጄኔቭ አቀረበች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ዐሥራ ስድስተኛ አንቀጽ ከአባሎቹ በአንዱ ላይ የተነሣ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደ ተነሣ ይቈጠራል ይል ነበር። ለአንድ ብዙ የጦር ፋብሪካ ለሌለው አገር ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ቃል አልነበረም። ነገር ግን በጄኔቭ ክርክሩ ሲራዘም ኢጣልያ በኤርትራና በሶማልያ ጦር ታራግፍ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳታውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረች።

፫. ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ወደ ደሴ መጥተው የጦሩን ዋና ሰፈር በዚህ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ከየአውራጃው የሚዘምተው ሠራዊት፥ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና የቀይ መስቀል ሐኪሞች በከተማው ተሰብስበው ነበር። ወልወል ላይ ግጭቱ ከተነሣ ልክ በዓመቱ፥ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጧት፥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በደሴ ሰማይ ላይ ታዩ። ፈንጂም፥ እሳት የሚያስነሣ ቦምብም ጣሉ። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ብዙ ሰዎች ሞቱ፥ ቈሰሉ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ያቋቋመው ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ቦምብ ወደቀበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በአይሮፕላን ላይ በሚተኰስ መድፍ አጠገብ ሆነው ሲዋጉ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ታትሞ ወጥቷል።

በዚያን ቀን ደሴ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ስለ ሆስፒታሉ መደብደብ ተቃውሟቸውን ወደ ጄኔቭ አስታወቁ። ጋዜጠኞቹም ወሬውን በቴሌግራም ላኩ። ስለዚህ ዓለም አልሰማሁም ሊል የሚችልበት ምክንያት አልነበረም። ጥያቄው ከሰማ በኋላ ምን አደረገ? የሚለው ነው።

፬. በጄኔቭ የተፈረደ ፍርድና በፓሪስ የተዶለተ ምክር

እውነቱን ለመናገር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፍርዱን አላዛባም። መስከረም 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት አንሥታለች ብሎ ወሰነ። ሃምሳ ያህል መንግሥታት ኢጣልያን በንግድ ለመቅጣት ተስማሙ፤ ቅጣቱም ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለኢጣልያ መሣሪያ እንዳይሸጥላት፥ ገንዘብ እንዳትበደር፥ ከእርስዋም ዕቃ እንዳይገዛ ተከለከለ።

ነገር ግን ከተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ ዋና ነገር ጐደለ፤ እርሱም ነዳጅ ዘይት ነው። አይሮፕላን ያለ ቤንዚን አይነሣም፤ የጦር መኪናም ዳገት አይወጣም። ደሴን የደበደቡት አይሮፕላኖች የሚጠጡት ቤንዚን ከውጭ አገር የሚገዛ ነበር። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የኢጣልያ መርከቦች የማለፊያ ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወታደርና መርዝ ጭነው ያልፉ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቤንዚኑን ብንከለክል፥ ቦዩንም ብንዘጋ ሙሶሊኒ በእኛ ላይ ጦር ያነሣል፥ ወይም ከሂትለር ጋር ይወዳጃል ብለው ፈሩ። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም፤ በገለልተኛነት ሕግዋ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ይህ ሲታይ ሚዛናዊ ይመስላል። ሆኖም የራሱ የጦር ፋብሪካ ያለውንና የሌለውን እኩል መከልከል በተግባር የሌለውን ብቻ መቅጣት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ደሴ በተደበደበች ማግሥት የሆነው ነው። ኅዳር 27 እና 28 ቀን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በፓሪስ ተገናኝተው አንድ ምክር አዘጋጁ። ምክራቸውም ከኢትዮጵያ መሬት ሰፊውን ክፍል ለኢጣልያ መስጠት፥ በደቡብም ኢጣልያ ብቻዋን የምትነግድበትና የምትሰፍርበት ሰፊ አገር መከለል፥ ለኢትዮጵያ ግን በምትኩ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ መስጠት ነበር። ደሴ ላይ የተቃጠለው ቤት ገና ሳይጠፋ በፓሪስ የአገሩ ካርታ ይሸነሸን ነበር ማለት ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስተውል ያስፈልጋል። ምሥጢሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ በጣም ተቈጣ፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። እንግዲህ የአንድ አገር መንግሥትና የአንድ አገር ሕዝብ ሁልጊዜ አንድ ልብ አይደሉም። ከእንግሊዝ ሕዝብ መካከል ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባለችው ሴት ከሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጀምራ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ እያሳተመች በወረራው ዘመን ሁሉ ድምፅዋን አላቋረጠችም። በአሜሪካም ጥቁር አሜሪካውያን በየከተማው ተሰብስበው ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጡ፤ ጆን ሮቢንሰን የተባለው የቺካጎ አይሮፕላን ነጂም መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን አገልግሏል።

፭. በምሥጢር የተሸጠ መሣሪያ

በጦርነቱ ዋዜማ ለኢትዮጵያ መሣሪያ በምሥጢር ከሸጡት አገሮች አንዷ የሂትለር ጀርመን መሆንዋን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነቃሉ። ነገሩ ግን ፍቅር አልነበረም። ሂትለር በዚያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ኦስትሪያ ጥሎ ስለ ነበር፥ ለኦስትሪያ የምትቆረቆረው ኢጣልያ በአፍሪካ ተራሮች ላይ ብዙ ጊዜ እንድትታሰር ይፈልግ ነበር። ሙሶሊኒ ወደ እርሱ በተጠጋ ጊዜ ወዲያው ፊቱን አዞረና በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ጀርመን የኢጣልያን ወረራ ዐወቀች። ከሦስቱ ሚዛኖቻችን ሦስተኛው የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ጥቅም የወለደው ርዳታ ጥቅሙ ባለቀ ቀን አብሮ ያልቃል። ኢትዮጵያ ግን የጨነቃት ስለ ነበረች የሻጩን ልብ ለመመርመር ጊዜ አልነበራትም፤ በዚህ ልንወቅሳት አይገባም።

፮. ፋሻና መድኃኒት ይዘው የመጡት

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዐይነት ርዳታ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊነሣ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ማኅበሩ በጊዜው ባይቋቋምና ኢትዮጵያ የጄኔቭን የቍስለኞች ውል ባትቀበል ኖሮ፥ የውጭ አገር ቀይ መስቀሎች በሕግ መንገድ ሊረዱን ባልቻሉ ነበር። ወዳጅ እንዲገባ አስቀድሞ በሩን ማበጀት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ስዊድን፥ ኖርዌይ፥ ፊንላንድ፥ ሆላንድ፥ እንግሊዝና ግብጽ የሕክምና ጓድ ላኩ። ከእነዚህ ውስጥ የሆላንድ ሐኪሞች ወደ ደሴ መጥተው በከተማችን ቍስለኞችን አከሙ። በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥር ከግሪክ፥ ከፖላንድና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሐኪሞች ይሠሩ ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም ማርሴል ዡኖ የተባለውን የስዊስ ሐኪም በመልእክተኛነት ልኮ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ሆስፒታል ከአይሮፕላን ተደበደበ። ብዙ በሽተኞች በተኙበት ሞቱ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ ሞተ፥ የጓዱ አለቃ ዶክተር ፍሪዴ ሒላንደር ቈሰለ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም ሜዳ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ተደበደበ። የዚህ ጓድ መሪ ወጣቱ ዶክተር ጆን ሜሊ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍ ቍስለኛ ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የመርዝ ጋዝ ሰውነታቸውን የላጠውን፥ ዓይናቸውንም ያጠፋውን የኢትዮጵያ ወታደሮችና ገበሬዎች ያከሙ፥ ለዓለምም የመሰከሩ እነዚህ ሐኪሞች ናቸው። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ውል ፈርማ ነበርና ምስክርነታቸው ከባድ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የስዊድኑን አይሮፕላን ነጂ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮሰንን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል አይሮፕላን እየነዳ መድኃኒት አመላለሰ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም አገለገለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ረሀብ በገባ ጊዜም ለተራቡት እህል ከአየር ያደርስ ነበር። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማልያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ተገደለ። ይህ ሰው ከሩቅ አገር ቢመጣም የቅርብ ጎረቤት ሆኖ ሞተ።

የቀይ መስቀል ርዳታ ጦርነቱን ሊያሸንፍልን አልቻለም። ሥራውም ያ አልነበረም። ነገር ግን በሦስቱ ሚዛኖቻችን ብንመዝነው ከራሱ አውጥቷል፥ በጊዜው ደርሷል፥ ለተጠቃውም ተብሎ ተሰጥቷል።

፯. ሜክሲኮና «አላውቅም» የማለት ኀይል

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ሠራዊታችን ከተመታ በኋላ ጠላት ወደ ደቡብ ገሠገሠ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ጉባኤ ላይ ቆመው አቤቱታቸውን ለዓለም አሰሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ማኅበሩ የንግዱን ቅጣት አነሣ። ለኢትዮጵያ የማኅበሩ ቃል ኪዳን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥያቄ የኢጣልያን ገዢነት ማን ያውቃል? የሚል ሆነ። ብዙዎቹ መንግሥታት አንድ በአንድ ዐወቁ። እንግሊዝ ራስዋ በኅዳር 1931 ዓ.ም. ዐወቀች። በዚህ ጊዜ እንቢ ብለው የጸኑት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሜክሲኮ፥ አሜሪካ፥ የሶቪየት ኅብረት፥ ቻይናና ኒው ዚላንድ ይገኛሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሜክሲኮ ነገር የተለየ ነው። ሜክሲኮ ከእኛ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በአፍሪካ ስፋት የተለየች፥ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር የሚረባ ንግድ ያልነበራት አገር ነበረች። ታዲያ ምን አገናኘን? ያገናኘን የደረሰብን ነገር ተመሳሳይነት ነው። በ1840 ዓ.ም. ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ የመሬትዋን ግማሽ ያህል ለአሜሪካ ለመልቀቅ ተገድዳ ነበር። ከዚያም የፈረንሳይ ጦር ወርሯት በ1856 ዓ.ም. ከአውሮፓ የመጣ ንጉሥ ተጭኖባት ነበር። ስለዚህ በፕሬዚደንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን መልእክተኛዋ ኢሲድሮ ፋቤላ በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ ሲሟገት የሚናገረው የራሱንም አገር ታሪክ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ሂትለር ኦስትሪያን በያዘ ጊዜም ሜክሲኮ በማኅበሩ ፊት ተቃወመች።

አንዳንዱ ሰው «አላውቅም ማለት ምን ይጠቅማል? ጥይት አይሆን፥ እህል አይሆን» ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት ስሕተት ነው። በሕግ ዓይን ኢትዮጵያ ፈጽማ ያልሞተች አገር ሆና የቆየችው እነዚህ መንግሥታት በሩን ስላልዘጉት ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከመቃብር የሚነሣ ሳይሆን ከተቀመጠበት የሚነሣ ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያም ይህን አልረሳችም። አዲስ አበባ ውስጥ የሜክሲኮ አደባባይ፥ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ ስም የተሰጠው አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ቪየና ውስጥ ደግሞ ኦስትሪያውያን የሜክሲኮን ስም ለአንድ አደባባያቸው ሰጥተዋል።

፰. በሐረጎ ዳገት

አንባቢው የነጻነታችን ነገር በውጭ ሰዎች ብቻ የተሠራ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ጠላትን ዕንቅልፍ የነሡት አርበኞቻችን ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የሚረዳ ሁሉ የሚረዳው አያገኝም ነበር።

በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኢጣልያን ሲያባርር የከተሞቻችን ተራ በሚያዝያ ወር ደረሰ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጠላት ምሽጉን ሠርቶ መድፉን ጠምዶ ነበር። እዚህ ላይ የተዋጉት ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የመጡ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና የእኛ አርበኞች ነበሩ። ከብዙ ቀን ውጊያ በኋላ ምሽጉ ተሰበረ፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ነጻ ወጣች። ዛሬ በአውቶቡስ ሐረጎን ስንወጣ መስኮቱን ከፍተን የቦርከናን ሸለቆ እናያለን እንጂ ይህን ብዙዎቻችን አናስበውም።

የታሪክ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ያ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በሐረጎ ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ሲዋጋ በገዛ አገሩ ለጥቁሩ ሕዝብ ነጻነቱን ነፍጎ ነበር። ኢትዮጵያም ባለ ውለታዬ ነው ብላ ዝም አላለችም፤ በ1953 ዓ.ም. ከላይቤርያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስለምትፈጽመው ግፍ በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ውለታን ማወቅ ግፍን አለማየት ማለት አይደለም።

፱. ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. በሩቅ ምሥራቅ የሰሜን ኮርያ ጦር ወደ ደቡብ ኮርያ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ርዳታ በጠየቀ ጊዜ ኢትዮጵያ ሩቅ አገር ሆና ተገኘች። በ1928 ዓ.ም. ጠያቂ የነበረችው አሁን ተጠያቂ ሆነች ማለት ነው። ኮርያ ምን ታደርግልን ነበር? ምንም። ብዙው ሕዝባችን ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር። ሆኖም ጄኔቭ ላይ «የአንዱ ጥቃት የሁሉም ጥቃት ነው» የሚለው ቃል በፈረሰ ጊዜ የተጐዳነው እኛ ስለ ነበርን ያንኑ ቃል በሥራ ማጽናት የሚገባን መሆናችን ታመነ።

የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ቃኘው የተባለው በራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በየጊዜው እየተተኩ ወደ ኮርያ የዘመቱት ከስድስት ሺህ ይበልጣሉ፤ ከመቶ ሃያ በላይ የሚሆኑት በዚያ ሞቱ፥ ከአምስት መቶ በላይ ቈሰሉ። ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ አልተማረከም። የኮርያ ሰዎችም በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ሠርተውላቸዋል።

እንግዲህ በሦስቱ ሚዛኖች ራሳችንንም እንመዝን። ኢትዮጵያ ድሃ አገር ሳለች ከራስዋ አወጣች፤ ጦርነቱ ሳያልቅ ደረሰች። ከታላላቅ መንግሥታት፥ ይልቁንም ከአሜሪካ ጋር ወዳጅነትን ማጠንከርም በሐሳብዋ እንደ ነበረ ሊካድ አይገባም። ጥቅም በጠቅላላው ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጥቅሙ ሲያልቅ የተጠቃውን ጥሎ መሄድ ነው።

፲. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ የርዳታ ትልቅነት በሰጪው አገር ትልቅነት አይለካም። ታላላቆቹ መንግሥታት ቤንዚኑን ለመከልከል ሲፈሩ ትናንሾቹ ሐኪሞቻቸውን ከቦምብ በታች አቁመዋል። ሁለተኛ፥ የሚረዳው በሩን ያዘጋጀና ራሱም የሚታገል ሕዝብ ነው። ሦስተኛ፥ የተረዳ ሰው በተራው ሊረዳ ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ የመንግሥታት ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነት ምክንያት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ወደ ደሴ መጥተው በትምህርት ቤቶች ተጠልለው እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቈይቶም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ራሳቸውን ደረሰባቸው። ተጠግቶ መኖርንም፥ ማስጠጋትንም የምናውቅ ሰዎች ነን። ስለዚህ በራዲዮ የአንድ ሩቅ አገር ጦርነት ሲነገር «እኛን ምን አገባን?» ለማለት ከሰው ሁሉ በኋላ የምንሆነው እኛ መሆን ይገባናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትቃጠል በሩቅ ያለ ሁሉ እንዲሁ ቢል ኖሮ ያንን ቍስለኛ ማን ያክመው ነበር?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ምሳሌ አንሽረውም። ነገር ግን በችግር ቀን የደረሰ ሁሉ፥ አገሩ የትም ይሁን፥ ጎረቤት ነው ብለን እንጨምርበታለን።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ መከልከል ለምን እኩል ፍርድ አይሆንም?
2. በ1928 ዓ.ም. ነዳጅ ዘይት ቢከለከል ኖሮ በሐሳባችሁ ምን ይለወጥ ነበር?
3. የጀርመንን የመሣሪያ ሽያጭና የስዊድንን ቀይ መስቀል በሦስቱ ሚዛኖች አወዳድሩ።
4. «ውለታን ማወቅ ግፍን አለማየት ማለት አይደለም» የሚለውን አሳብ ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ በማምጣት አስረዱ።
5. ስለ ወረራው ዘመን ከአያቶቻቸው የሰሙትን ከወላጆቻችሁ ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።